የነጠላው ጥለት

እህቴና ባሏ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው ጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ እሷን ትኩሳት አነደዳት፤ አንገቷም አበጠ። ባሏ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበሰ «ይሄ ክኒን ሊጨርሳት ነው» አለ። ሐኪሙ ግን «ደክሞ የነበረው ሰውነቷ ነቅቶ በሽታውን እየተዋጋ ነው፤ እንዳታቋርጥ» አለን።

ትኩሳቱ ለሳምንታት ሰነበተ። አንድ ጠዋት በመስኮት ስታይ፣ ሊጠይቋት የመጡት ጎረቤቶች ለለቅሶ ወደ ላይ ያደረጉትን የነጠላ ጥለት ደጃፉ ላይ ወደ ታች እየመለሱ ይገባሉ።

«በቁሜ እያለቀሳችሁልኝ ነው?» አለችኝ።

«ሐኪሙ ትድናለች ብሏል እኮ፣ እህት ዓለም።»

«ታዲያ ባሌ ለምን ጠፋ? ሞቴን ላለማየት ነው?»

«ለመስክ ሥራ ሄዷል አልኩሽ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት የምትገነዝ እየመሰላት ትባንን ጀመር።

ትኩሳቱ የለቀቃት ዕለት ትራስ ተደግፋ ሾርባ ጠጣች። ሐኪሙም «አሁን ትችለዋለች» አለኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ጎረቤቶቹ ጥለቱን ሳይመልሱ ተከታትለው ገቡ።

«አልሞትኩም እኮ፤ ነጠላችሁን አስተካክሉ» ብላ ሳቀች።

የባሏን ክኒኖች ከቀብሩ ማግስት ካፖርቱ ኪስ ውስጥ አግኝቻቸው ነበር፤ የእሷ ትኩሳት ከጀመረ ወዲህ አንዱንም አልዋጠም።