የተማረው ሽማግሌ

ልጅቷን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ደንቡም «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሁለቱን እናትየው ታውቃቸዋለች፤ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ሊያገባት ያሰበውን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዶክተር ነው፤ የግቢውን አርማ ኮቱ ላይ ለጥፏል። የሚጠይቃትን ልጅ ስም እንኳ አጣርቶ አልመጣም፤ አፉን ከከፈተ ግን የሚዘጋው ጠፋ።

«እትዬ፣ ልጃችን የእኛ ግቢ ፍሬ ነው። እኛ ዘንድ ቀለም ብቻ አይደለም፤ ሐቀኝነትን፣ ሰው ማክበርን ነው የምናስተምረው። እኔን ያየ እሱን አየ ማለት ነው!»

እናትየው በሆዷ «ጉረኛ» አለችው። የእሷም ልጅ እዚያው ገብታ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ተመለሰች፤ ምን ሆንሽ ቢሏት ትንፍሽ አላለችም። ይህን ልጅ ግን ከልቧ ወዳዋለች፤ እናትየውም ስለ እሷ ብላ ጉራውን ዋጠችው።

«በሉ እሺ ብያለሁ፣ ተቀመጡ። ማስተዋል! ነይ፣ እጅ አስታጥቢያቸው።»

ልጅቷ ማስታጠቢያውን ይዛ ገባች። ዶክተሩ እጁን እንደ ዘረጋ ቀና ብሎ አያትና መልሶ ሰበሰበው።

«ይታጠቡ እንጂ መምህር» አለችው፣ ውሃውን ከፍ አድርጋ እንደያዘች። «ቢሮዎ አሁንም ከውስጥ ይቆለፋል?»