የቀጠነው ውሃ

ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ መስኮት አጣቢዋ ከታች ካለው ፓምፕ በቱቦ ውሃ የሚደርሰውን ብሩሽ ብታነሳው ውሃው እንደ ሕፃን ለሃጭ ተንጠባጠበ። ወርዳ ፓምፑን አዳመጠች፤ ደህና ያጓራል። ማጣሪያውን ፈትታ አየች፤ ንጹሕ ነው። “ጠዋት ደህና አልነበርክም እንዴ፣ ምን ነካህ?” አለችው ፓምፑን፤ ከዚያ ቱቦውን በእጇ እየዳበሰች የሕንፃውን ጥግ ዞረች።

ጥጉ ላይ አባቷ ቆመዋል፤ “ከዚህ ሥራ ወድቀሽ ትሞቺብኛለሽ” ብለው ካኮረፏት ከርመዋል። አሁን ወደ በረንዳው አንጋጠው፣ ሁለት እግራቸውን ቱቦው ላይ ተክለዋል።

“አባባ፣ ቱቦውን ረግጠውታል።”

ደንግጠው ሲነሱለት ቱቦው ነፍስ ዘራ። “በዚህ ሳልፍ ነው…” ብለው ጀመሩና ተዉት። ጎንበስ ብለው ቱቦውን አነሱ፤ ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

“በይ ወደ ላይ ውጪ፤ ሌላ ሰው እንዳይረግጥብሽ እኔ እይዘዋለሁ።”