ወንበሩን የከበቡት መስመሮች

ዘንጌ ሃያ ሁለት ዓመት የቅየሳ ዘንግ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እሱ ራሱ ዘንግ አያያዝ ያስተማረው ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ሆኖ አለቃው ነው፤ ካርታው ላይ የሚጻፈውም የልጁ ስም ብቻ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ዘንጌን «ልኬትዎ እየተበላሸ ነው» ብሎ የስንብት ደብዳቤ አዘጋጀለት። ለመጨረሻ ፈተና የቢሮውን ወለል እንዲለካ አዘዘው። ልሙጥ ሲሚንቶ ነው፤ ሕፃን እንኳ አይስተውም።

መሐንዲሱ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቶ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙትን የከፍታ መስመሮች አሳይ አለው። ወለል ሜዳ ስለሆነ አንድም መስመር መውጣት አልነበረበትም። ሰባት ክቦች ወጡ። አንዱ በአንዱ ውስጥ እየጠበቡ ሄደው ዘንጌ የተቀመጠበት ወንበር ላይ አለቁ።

«ጉድጓድ ነው የሚለው! ጋሼ፣ ገደል ውስጥ ነው እንዴ የተቀመጡት?» አለ መሐንዲሱ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችው ጸሐፊ በሳቅ ፈነዳች።

«ድሮስ መቼ ከእናንተ እኩል ተቀምጬ አውቃለሁ? እስቲ ድገመው» አለ ዘንጌ።

ቁጥሩን ሳይነካ ደገመው። ክቦቹ ዘጠኝ ሆኑ። አሁንም ደገመው፤ አሥራ ሁለት። ሳቁ ቀዘቀዘ።

«ይብቃን» አለና መሐንዲሱ ደብዳቤውን ሊፈርም እስክሪብቶውን ፈለገ። እስክሪብቶው ግን ከጠረጴዛው ወድቆ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ነበር። የጸሐፊዋ እርሳስ ከበሩ ሥር ተነሥቶ ተከተለው። ሁለቱም ክፍሉን አቋርጠው ዘንጌ ጫማ ሥር ቆሙ።

ከዚያ የመሐንዲሱ ባለጎማ ወንበር፣ መሐንዲሱን እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዘንጌ መንሸራተት ጀመረ።