ቅጥረኛው በቀበሌ አዳራሽ

«አንተ አረመኔ! አላህ ይድፋህ!» ትላለች ጎረቤታችን ዙቤይዳ ከጎኔ፣ ጡጫዋን ወደ ቴሌቪዥኑ እየሰነዘረች። ቅጥረኛው ግን አይሰማትም። የገበሬውን ጎጆ ለኩሶ፣ በዚያው እሳት ሲጋራውን አያይዞ ይስቃል።

እሁድ አመሻሽ ነው። የቀበሌያችን አዳራሽ ጢም ብሏል። ጅማ እንደ ልማዷ ታዘንባለች፤ አዳራሹ እርጥብ ጋቢ፣ እርጥብ ነጠላ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ የሚኖረው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከሊቀመንበራችን ከጓድ ተክለጻድቅ ኪስ አይወጣም። እሱ ከፊት ለብቻው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኛ አግዳሚው ላይ ተጨናንቀናል።

ቅጥረኛው ከሸሸ ባላባት ደሞዝ እየተቀበለ ሰው የሚገድል ነው። እምነት የለው፣ ቂም የለው፤ ይከፈለዋል፣ ይገድላል። ከተማው በሙሉ ይጠላዋል። ሄርማታ ገበያ ውስጥ ሚዛን የሚሰርቅ ነጋዴ ሳይቀር «ቅጥረኛው» መባል ጀምሯል። እንደ ተክለጻድቅ አጥብቆ የሚጠላው ግን የለም። ድራማው በጀመረ ቁጥር ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ጥርሱን ያፋጫል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ የኛው ጅብ ግን ቁርበቱን ያስነጠፈው እዚሁ፣ በሚያውቁት አገር ነው።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ የአብዮት ጥበቃው አዛዥ እሱ ነበር። ወንድሜን ደሬሳን ከምሳ ላይ አስነስቶ የወሰደው እሱ ነው። አንድ ክፍል የተማሩ፣ ከእናቴ እጅ አብረው የጎረሱ ልጆች ነበሩ። «ለጥቂት ጥያቄ ነው እማማ፣ አሁን ይመለሳል» ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «ወደ በላይ ተላልፏል።» እናቴ ፍትሐት አላስፈታች፣ ተዝካር አላወጣች። መሞቱ ላልተነገራት ልጅ እንዴት ታልቅስ? ብታለቅስስ የት ሄዳ?

አሁን በሌላው ጎኔ ተቀምጣለች። የቴሌቪዥን ነገር ገና አልገባትም። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ብላ ትመልስለታለች፤ ሰው ይስቅባታል። እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ አስቀርተው ልማት አውጥተውናል። ከአዳራሹ ጀርባ የቀበሌው የቡና ችግኝ ጣቢያ አለ፤ በየእሁዱ ውሃ ከአዌቱ ወንዝ በጀርባችን እያመጣን እናጠጣለን። እናቴ በአጥሩ ጥግ ያለችውን ባዶ መሬት ልትቆፍር ዶማ ብታነሳ፣ ተክለጻድቅ ከሩቅ ጮኸባት።

«እማማ ወርቂቱ፣ እዚያ ጋ ዶማ አይነካም አላልኩም? ከሥሩ የውሃ ቧንቧ አለ!»

እናቴም እንደ ታዘዘችው ዶማዋን አስቀመጠች።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር የለበሰች አሮጊት የቅጥረኛውን ቦት ጫማ ታቅፋ ትለምናለች። «ልጄን የት ጣልከው? ንገረኝ፣ የት ጣልከው?» ቅጥረኛው ጭሱን ፊቷ ላይ እፍ ይልባታል። ዙቤይዳ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«አይነግርሽም፣ እህቴ» ትላታለች እናቴ ሴትዮዋን፣ ቀስ ብላ። «አይናገሩም እነሱ።»

ይኼኔ ተክለጻድቅ ከወንበሩ ይነሳል።

«አጥንቱን እንኳ ስጣት እንጂ፣ አንተ አውሬ! እናት አይደለችም እንዴ?»

ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የአዞ እንባ ቢሆን ደስ ባለኝ። እውነተኛ እንባ ነው፤ አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው።

እናቴ ትነሳለች። ልይዛት ስሞክር እጄን ታስለቅቀኛለች።

«ተክሌ» ትለዋለች፣ በልጅነቱ እንደምትጠራው። «ኢልማኮ፣ ልጄ፣ አፍህ ይባረክ። እውነትህን ነው፤ አጥንት ለእናት ይሰጣል።» ቁጣ የለባትም። «ደሬሳንስ የት አደረግኸው?»

በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያንን ስም ጮክ ብሎ የጠራ ሰው ኖሮ አያውቅም። ተክለጻድቅ ይዞራል፤ አፉ ይከፈታል፤ ቃል ሳይወጣው በፊት ግን ዓይኑ ወደ ኋለኛው መስኮት ሄዶ ይመለሳል። ብልጭ ብሎ እንደ መጥፋት ነው። በመስኮቱ የሚታየው ችግኝ ጣቢያው ነው፤ የአጥሩ ጥግ።

«ይቀመጡ፣ እማማ» ይላል፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ። «ወደ በላይ ተላልፏል ብዬዎታለሁ። ሰው ድራማውን ይይ።»

«እውነቱን ነው፣ ይቀመጡ እንጂ!» ይላል አንዱ ከኋላ። «ቅጥረኛው ምን እንዳለ እኮ አልሰማንም!»

እናቴ አትቀመጥም። ዓይኑን እሷም አይታዋለች። በሰዉ ጉልበት መሀል እየተሽሎከለከች ወደ በሩ ትሄዳለች፤ እኔም እከተላታለሁ።

«እማዬ፣ ዝናቡ!»

አትሰማኝም። በችግኞቹ መሀል፣ በጭቃው፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ከአዌቱ ድረስ ተሸክመን የምናጠጣው መሬት ቧንቧ ከየት አመጣ? ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አንዳችን አልጠየቅንም? በየእሁዱ ከደሬሳ አጥንት አጠገብ ቡና ስናጠጣ ኖረናል፤ ያውም እሷ።

ከኋላችን አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ይናጋል። ቅጥረኛውን ሳያቆስሉት አልቀሩም።

እናቴ ጥጉ ጋ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ ጎንበስ ትልና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደምታደርገው፣ ኮንጎ ጫማዋን ታወልቃለች።