ይነዝርሃል?

ከሕንጻ ላይ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ ከወገቡ በታች ምንም አይሰማውም። አንድ ቀን እናቱን ደስ ይበላት ብሎ "ይነዝረኛል" አለ፤ ከዚያ ወዲያ መውጫ አጣ።

ዛሬም ኪኒኑን ዋጠ። ፊዚዮቴራፒስቷ እግሮቹን እያጠፈች እየዘረጋች አሠራችው፤ ከዚያ የነርቭ ማነቃቂያውን ሽቦዎች ጭኑ ላይ ለጥፋ የማሽኑን ቁልፍ አዞረች።

"ይነዝርሃል?"

እናቱ አፍ አፉን ታየዋለች።

"ኧረ በደንብ! ዛሬማ እስከ ጣቴ ነው።"

"እመብርሃን፣ ልጄን ልታቆሚልኝ ነው!" እናቱ ተንበርክካ እግሩን ትስም ጀመር።

ኮሪደሩ ላይ አንዱ፣ "መብራት ከሄደ ቆየ እኮ!" ሲል ተሰማ።

ፊዚዮቴራፒስቷ የጠፋውን ማሽን አየች። የተንበረከከችውን እናቱን አየች። ከዚያ ቁልፉን ደግማ አዞረች።

"ትንሽ ልጨምርልህ?" አለችው።