ከበርጫው የቀረው ሰው

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ልሳሳት እችላለሁ፤ 2006 ወይም 2007 ነው። የተባለውንም ሁሉ ቃል በቃል አልያዝኩት ይሆናል። የቀረውን ግን እንዳየሁትና እንደሰማሁት እጽፋለሁ።

ጭሮ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራየኋት ለሦስት ጓደኛሞች ነበር። ቶሌሳ መምህርነቱን ትቶ ለክሊኒኮች የበሽተኛ ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም ይጽፋል። አጥናፉ ደንበኛ ያፈላልጋል፤ ኮምፒውተር ማሽን ላይም እጁ ጥሩ ነው። ቢራቱ የተጻፈውን እየሞከረ ስህተት ይለቅማል።

ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫት ይመጣል፣ የሥራው ምክር ሁሉ እዚያ ያልቃል። እኔም ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ቢራቱ ጴንጤ ስለሆነ አይቅምም። ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል፤ ስልክ ሲደወልለትም ውጭ ወጥቶ ነው የሚያወራው።

«ገነት ውስጥ በርጫ ቢኖር በር ላይ ልትቀር ነው?» ይለዋል አጥናፉ።

«አንተ ብቻ ግባልኝ፣ እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ» ይላል ቢራቱ፣ ዞር ሳይል።

ያን ጊዜ መቻራ ያለ አንድ ክሊኒክ ፕሮግራም ሊመርጥ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ ድርጅትም ይወዳደራል። ይህ ሥራ ካመለጠው ቶሌሳ ያስተምርበት ወደነበረው ቦኬ፣ ወደ ጠመኔው መመለሱ ነው። ሚስቱ «አላልኩህም?» ልትለው ተዘጋጅታለች።

«አባባ፣ በኛ ሥራ ላይብረሪ ማለት ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት የመሣሪያ ሣጥን ነው» አለኝ ቶሌሳ አንድ ቀን በርጫው ላይ። «በሽተኛውን፣ ካርዱን፣ መድኃኒቱን፣ እያንዳንዱን የራሱ ጠባይ እንዳለው ዕቃ አድርጌ የምጽፈው በሱ ነው። ሙሉው አለ፣ ቀሊሉ አለ። የአዲስ አበባዎቹ በሙሉው ነው የሠሩት፤ የመቻራ አሮጌ ማሽን አይችለውም። የኔ በቀሊሉ ስለሆነ ወዲያው ይከፈታል።»

«ነገ ትልቅ ማሽን ቢገዙስ?»

«ጥሩነቱ እሱ! ቀሊሉ፣ ሙሉው እዚያው ማሽን ላይ ተጭኖ አብሮት መነሣቱን ካየ ራሱን እንደ ሙሉው ያደርጋል። አንድ መስመር አልቀይርም። አሮጌ ማሽን ላይ ይህ ከደረሰ ግን እኩል ይከብዳል። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ።»

ክሊኒኩ ሁለቱን ፕሮግራሞች የሚፈትንበት ቀን ሲቃረብ ቶሌሳ ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን ብቻውን ቀረ። አጥናፉ «ለሥራው ስለት አለብኝ» ብሎ ወደ አሰቦት ገዳም ሄደ። ቢራቱ የት እንዳለ አልታወቀም፤ ስልኩም ዝግ ነው። አጥናፉ ሲመለስ ጠበል ባይዝልኝም ያልተፈለፈለ ጀንፈል ቡና በፌስታል አመጣልኝ፤ መረቅኩት። በማግስቱ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ቀረ። ቢራቱም ስላልተመለሰ ቶሌሳ ብቻውን ለፈተናው ወደ መቻራ ወጣ።

ተመልሶ ሲመጣ አጥናፉም ቢራቱም ክፍሉ ውስጥ ነበሩ።

«አንድ ካርድ እስኪከፈት ሐኪሙ ሁለት በሽተኛ አየ። ሙሉውን ማሽኑ ላይ ጭኖ፣ ከኔ ፕሮግራም ጋር እንዲነሣ ያደረገ አለ። ነገሩን ሳገኘው ሰዎቹ የአዲስ አበባዎቹን መርጠው ተነሥተው ነበር። ሐኪሙን ‹ማሽኑን ማን ነካው?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ሰዋችሁ ቀድሞ መጥቶ አሰናድቶት ሄዷል› አለኝ።»

«ማን እንደሆነ አልጠየቅክም?» አልኩት።

«ምኑ ይጠየቃል፣ አባባ?» አለና ወደ ቢራቱ ዞረ። «የት ነበርክ?»

«ጾም ጸሎት ላይ። ስልክ አንከፍትም። አብረውኝ የነበሩትን ጠይቅ።»

«እነሱማ ላንተ ነው የሚመሰክሩት» አለ አጥናፉ።

«ይህን ያህል ጊዜ ጀርባህን ሰጥተኸን ኖርክ» አለ ቶሌሳ። «አብሮኝ ያልተቀመጠን ሰው በምን አውቀዋለሁ?»

ቢራቱ የክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጌታ ያውቃል» ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጭሮ አልታየም። አጥናፉ ቶሌሳን አቅፎ «እኔ አለሁልህ፣ ወንድሜ» አለው።

ቶሌሳ ቦኬ ተመልሶ ማስተማር ጀመረ። አጥናፉም ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ አገኘ። እኛም እግዜር ካሰው አልን።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በ2010 የጥምቀት ማግስት ነው። የመቻራው ክሊኒክ ነርስ ሞሚና ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ደጄ ላይ አገኘችኝ። የነቶሌሳ አከራይ መሆኔን ስታውቅ ሳቀች።

«ያ ቀድሞ መጥቶ ማሽኑን ያሰናዳው ሰዋችሁ ደህና ነው? ወላሂ፣ ከባሌ ጋር በርጫ ተቀምጦ ሲያስቀን ዋለ! ጫቱን ብቻውን ነው የጨረሰው፤ ሲሄድም ጀንፈል ቡና በፌስታል ቋጠርኩለት።»