አባትና ልጅ በአንድ ፎቶ

ልክየለሽ እንጅባራ ላይ የፎቶ ቅንብር መማር የጀመረችው በአንድ ምክንያት ነበር። ባሏ ወንድማገኝ ሥራ ፍለጋ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ወሬውም ጠፍቷል። ልጃቸው ናርዶስ ያኔ ገና አልተወለደችም። ሁለቱን በፎቶ እንኳ ላገናኛቸው ብላ ነው።

መምህሯ ምስጋናው ናርዶስን እዚያው ክፍል ወንበር ላይ አስቀምጦ አነሳላት። ልክየለሽ ወንድማገኝን ከሠርጋቸው ፎቶ ላይ ዙሪያውን ሰሌክት አድርጋ አወጣችውና ከናርዶስ ፎቶ በላይ በሚደረብ አዲስ ሌየር ላይ ከልጅቷ ጎን አቆመችው። ያኔ እሷን ያቀፈበት እጁ አሁን የናርዶስ ትከሻ ላይ አረፈ። እንባዋ መጣ።

«አሁን ሌየሩን ደብቂው፤ እሱ ብቻ ይጠፋል» አላት ምስጋናው።

ደበቀችው። ወንድማገኝ ጠፋ፤ እጁ ግን የልጅቷ ትከሻ ላይ ቀረ።

«እንግዲያው ሌየሩን አጥፊው።»

አጠፋችው። እጁ አልጠፋም።

ምስጋናው ካሜራውን አንስቶ ቅድም ናርዶስን ያነሳበትን ፎቶ ከፈተ። እዚያም እጁ ከነቀለበቱ አለ።

ናርዶስ ከኋላቸው፣ ስክሪኑ ከማይታይበት ወንበር ላይ፣ ትከሻዋን ሰበቀች።

«እማዬ፣ እጁን አንሺልኝ፤ በጣም ይቀዘቅዛል።»